ምሥጢረኛው መምህርና ጠያቂው ደቀ መዝሙር፦ በሁለቱ ሐተታዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ የሆነችውን ንፋስ መውጫን አቋርጦ ያልፋል። መንገደኛው በዚህች ደጋማ ከተማ ጥቂት ሲያርፍ ብርዷንና ስሟን ያሰጣትን ነፋስ ሳያስተውል አይቀርም። የጋይንት ምድር በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ውስጥ የያዘውን ቦታ ግን መንገደኛው ሁሉ አያውቀውም። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው የኖሩት በዚሁ ምድር ነው። ለዘመናት ከየአቅጣጫው የተነሣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነና ከውሻ ጋር እየታገለ ወደ እነዚህ ጉባኤ ቤቶች ሲጎርፍ ኖሯል።

ይህ ተማሪ መምህሩን «የኔታ» ብሎ ይጠራል። «የኔ ጌታ» ከሚለው የመጣው ይህ መጠሪያ ቅርበትንም ርቀትንም በአንድነት የያዘ ነው። «የኔ» ሲል ተማሪው መምህሩን እንደ አባት ያቀርበዋል፤ «ጌታ» ሲል ደግሞ ከፍ አድርጎ ከራሱ ያርቀዋል። ጎጆውን በመምህሩ ደጅ ቀልሶ፣ ውኃ ቀድቶና እንጨት ለቅሞ እያገለገለ ዓመታት የሚያሳልፍ ተማሪ የመምህሩን ድምፅ፣ አረማመድና የቁጣ ምልክት ጠንቅቆ ያውቃል። የመምህሩን ልብ ግን ላያውቅ ይችላል።

የዚህን ግንኙነት ጠባይ ከማናቸውም በላይ አጉልቶ የሚያሳየው ጽሑፍ ለዓለም የተዋወቀው ከዚያው ከጋይንት ቤተልሔም መሆኑ ሊጤን የሚገባው ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዚያ ይኖር የነበረው ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ለፈረንሳዊው ተመራማሪና የብራና ሰብሳቢ ለአንቷን ዳባዲ በ1852 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ አንድ ያልተለመደ የግዕዝ መጽሐፍ ማግኘቱን ገለጠለት። መጽሐፉ ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ ነበር። ከዚያ በኋላ የዘርዓ ያዕቆብ ደቀ መዝሙር ነው የተባለው የወልደ ሕይወት ሐተታ ተከትሎ መጣ። ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ጽሑፎች ከላቲን ትርጉም ጋር ካሳተሙ ወዲህ ስለ እነዚህ ሐተታዎች ብዙ ተጽፏል።

ይሁን እንጂ እስካሁን ከተጻፈው አብዛኛው ያተኮረው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። አንደኛው ሐተታው ምን ዐይነት ፍልስፍና ይዟል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደራሲው ማን ነው የሚለው ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን መጽሐፉ የሰው ታሪክም ነው። አንድ ልቡን የሸሸገ መምህርና አንድ ሳይታክት የሚጠይቅ ወጣት ተገናኝተው ምሥጢሩ እንዴት ወደ ብራና እንደ ወጣ ይተርካል። ይህ ግንኙነት ባይኖር ኖሮ ፍልስፍናው ራሱ እንደማይጻፍ መጽሐፉ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ በሥነ ጽሑፍ ዐይን ሲመረመር የመጽሐፉ ምሰሶ የሚሆነው ይኸው የመምህርና የደቀ መዝሙር ትስስር ነው።

ከአክሱም እስከ እንፍራዝ

ዘርዓ ያዕቆብ በመጽሐፉ እንደሚተርከው የተወለደው በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ቤተ ሰብ ነው። ዳዊት ከደገመ በኋላ ለዜማ ትምህርት ቢላክም ድምፁ ሻካራ ሆኖ ስላልሰመረለት ወደ ሰዋስውና ቅኔ ተዛወረ። በዚያ 4 ዓመት ቆየ፤ ቀጥሎም 10 ዓመት የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተማረ። ከዚያ በትውልድ ሀገሩ መምህር ሆኖ ወንበር ዘረጋ።

ወቅቱ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡ እንዲከተላቸው የሚያስገድዱበት፣ ሀገሪቱም በሁለት ወገን ተከፍላ የምትተራመስበት ነበር። መምህሩ መጻሕፍትን ሲተረጉም የሁለቱንም ወገን ቃል ያቀርባል እንጂ ይኸኛው እውነት፣ ያኛው ሐሰት ብሎ አይፈርድም ነበር። ይህም ከሁለቱም አጣላው። አንዱ ወገን የሌላው ነው ብሎ ጠረጠረው፤ ሌላውም እንዲሁ። በመጨረሻም አንድ የአክሱም ሰው በንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። ዘርዓ ያዕቆብ ዳዊቱንና ጥቂት ወርቅ ይዞ ሸሸ፤ ከተከዜ ማዶ በአንድ ሸለቆ ሥር ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ተሸሸገ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ምርምር የተወጠነው በዚህ ዋሻ ነው።

የዋሻው ገለጻ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የሠመረ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለ ታሪኩ የዋሻውን ደጅ በድንጋይ ያጥራል፤ ሰው ቢመጣበት የሚያመልጥበትንም መንገድ አስቀድሞ ያዘጋጃል። አልፎ አልፎ ቀለብ ፍለጋ ሲወጣ ያየው ሰው ሁሉ ባሕታዊ ይመስለዋል፤ እሱም የመሰላቸውን አያስተባብልም። ይህ ሥዕል ከዋሻው ከወጣ በኋላ ለሚኖረው ዕድሜ ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ያገለግላል። ሱስንዮስ ከሞቱ በኋላ ዘርዓ ያዕቆብ ዋሻውን ትቶ ወጣ፤ የዋሻውን ኑሮ ግን አልተወም። ያጠረው የድንጋይ አጥር ወደ አንደበቱ ተዛወረ።

ከዚያ በኋላ የሠፈረው ዛሬ ከጎንደር ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው በእንፍራዝ ነው። በዚያ ሀብቱ የተባለ ባለጸጋ አስጠጋው። ዳዊት እየጻፈ በእጁ ሥራ ኖረ፤ የሀብቱንም ልጆች ያስተምር ጀመር። በሀብቱ ቤት አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን ሲያገባም ከእንግዲህ አገልጋዩ ሳትሆን እኩያው እንድትሆን ጠይቆ ነው። ጎረቤቶቹ ደግ ክርስቲያን፣ ጠንቃቃ ጸሐፊና ትጉህ መምህር አድርገው ያውቁት ነበር። እሱ ግን ዋሻ ውስጥ የደረሰበትን ሐሳብ፣ ማለትም ሰው ፈጣሪውንና ሕጉን በተሰጠው ልቡና መርምሮ ሊያገኝ ይችላል የሚለውን እምነት፣ ለማንም ሳይገልጥ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ይህን ማድረጉ ማታለል እንዳይሆን ራሱን የጠየቀበት ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ አለ። መልሱም መራራ ነው፤ ሰው እውነትን ቢነግሩት ከመስማት ይልቅ ማሳደድ ይቀናዋል ብሎ ያምን ነበርና ዝም አለ።

ይህን የኑሮ ስልት የቅኔ ትምህርት ቤት ሰው በቀላሉ ያውቀዋል። ቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የሚለማመደው አንድ ቃል ሁለት ነገር እንዲሸከም ማድረግን ነው። ሰሙ ለሰሚው ሁሉ ይገለጣል፤ ወርቁ ለሚያውቅ ብቻ ነው። ከዚያም ጠልቆ ውስጠ ወይራ የሚባለው አለ፤ በላዩ ሲያዩት ተራ እንጨት፣ ሲሰብሩት ግን ወይራ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ይህን የቅኔ ሥርዓት ከቃል አልፎ የኖረበት ሰው ሆኖ ተሥሏል። በሕዝብ ዘንድ የሚጠራበት ስም «ወርቄ» መሆኑም ለዚህ ንባብ ይስማማል።

ጠያቂው

ከሀብቱ ልጆች አንዱ ምትኩ ይባላል፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሕይወት ነው። እንደ ማንኛውም የዚያ ዘመን ልጅ ከመምህሩ ንባብና ሰዋስው ተማረ። ከጊዜ በኋላ ግን በመምህርና በተማሪ መካከል ከተለመደው የወጣ ነገር ተፈጠረ። መምህሩ ለማንም ያልከፈተውን ልቡን ለዚህ ወጣት ከፈተ፤ ወጣቱም ሰምቶ ዝም አላለም፤ እንዲጻፍለት ለመነ። ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታውን ሲጽፍ 68 ዓመቱ ነበር። ሱስንዮስ ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል ማለት ነው። አንድ ሰው ይህን ያህል ዘመን የቆለፈውን በር የከፈተለት ቁልፍ የአንድ ተማሪ ልመና ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ በአንዳንድ አንባቢዎች ዘንድ የሚታየውን አስተሳሰብ መመርመር ያስፈልጋል። ሊቃውንት ምሥጢር የሚሸሽጉት በንፉግነት ነው የሚል ወቀሳ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ዕውቀቱን ለልጁ እንኳ ሳያወርስ የሞተ ባለሙያ ታሪክ በየአካባቢው ይነገራልና ወቀሳው መሠረተ ቢስ አይደለም። የዘርዓ ያዕቆብ ዝምታ ግን የተለየ ምክንያት አለው። ሃይማኖትና መንግሥት አንድ ሆነው ሰውን በልቡ ሐሳብ በሚቀጡበት ሥርዓት ውስጥ ዝምታ የሕይወት አጥር ነው። ስለዚህ በእሱ ዘንድ ርቀት የትዕቢት፣ ምሥጢርም የስስት ምልክት አይደሉም። ፍርሃት ያወረሰው ጠባይ ነው፤ ጠባይ ከሆነ በኋላም ፍርሃቱን የወለደው ንጉሥ ሞቶ ሳለ ይቀጥላል። መጽሐፉ አንድ የጭቆና ዘመን ካለፈ በኋላ በሰዎች አንደበት ላይ ምን ያህል ዘመን እንደሚቆይ የሚያሳየው በዚህ ነው።

የምትኩም ድርሻ ሊቃለል አይገባም። የተለመደው የተማሪ ምግባር የተሰጠውን ተቀብሎ በቃሉ መያዝና መምህሩ ሲፈቅድ መመስከር ነው። ምትኩ ግን ያልተሰጠውን ጠየቀ። በአክብሮት መጠየቁ ከልመናው ይታወቃል፤ ነገር ግን በልመናው ውስጥ ድፍረት አለ። መምህሩም በበኩሉ መጽሐፉን የዘጋው ተማሪው ቃሉን እንዳለ እንዲጠብቅ በማዘዝ ሳይሆን፣ አስተዋይና መርማሪ የሆነ ሁሉ የደረሰበትን በሱ ሐሳብ ላይ እንዲጨምር በመመኘት ነው። ርቆ የኖረው መምህር በመጨረሻ ያወረሰው ምርምሩን የመቀጠል ፈቃድ ነው።

ሁለቱ ድምፆች

ወልደ ሕይወት ፈቃዱን ተጠቅሞበታል። መምህሩ በ93 ዓመቱ ማረፉን በመጽሐፉ መጨረሻ ከመዘገበ በኋላ የራሱን ሐተታ ጽፏል። ሁለቱ ሐተታዎች ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው ከአንድነታቸው ባላነሰ ያስተምራል።

የመምህሩ ሐተታ ለራሱና ለፈጣሪው የሚናገር ሰው ድምፅ አለው። ይጠይቃል፤ ይጠራጠራል፤ ይጸልያል፤ ደርሶበታል የተባለውን ሐሳብ እንደገና ያፈርሰዋል። የሕይወት ታሪኩና ምርምሩ ተለያይተው አይሄዱም። አንባቢው እያንዳንዱን ሐሳብ ያሰበው ሰው በዚያች ሰዓት የት እንደ ነበረና ምን ያስፈራው እንደ ነበር ያውቃል። የደቀ መዝሙሩ ሐተታ ግን ፊቱን ወደ አንባቢ ያዞረ የመምህር ድምፅ ነው። ሳይመረምር ያመነውን እንደማይጽፍ ያስታውቅና ስለ ሥራ ክቡርነት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ አመጋገብና ስለ ንጽሕና ይመክራል። ምክሩንም በተረት እያዋዛ ያቀርባል። ከዚህ የተነሣ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ሰብና ለአደባባይ የሚመቸው የሱ መጽሐፍ ነው። መምህሩ በዋሻ የጀመረውን እሱ ወደ ማጀትና ወደ እርሻ አወረደው።

ይህ ትልቅ ሥራ ቢሆንም ኪሳራም አለበት። ምሥጢር ሲገለጥ ቀላል ይሆናል፤ ሲቀልል ደግሞ ስለቱ ይደነዝዛል። ወልደ ሕይወት መምህሩ በጭንቀት የደረሰበትን ነገር እንደ ተፈጸመ ትምህርት ተቀበለው። ስለዚህ በብዙ ቦታ ይመክራል እንጂ አይመረምርም፤ መምህሩ በፈራበት ስፍራ እሱ እርግጠኛ ነው። ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ውጤቱን እንጂ መንገዱን ለመውረስ ምን ያህል እንደሚቸገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

የመምህሩም ሐተታ ቢሆን ከጉድለት ነፃ አይደለም። የመጽሐፉ ምክንያት የሆነው ጠያቂ በመጽሐፉ ውስጥ ድምፅ የለውም። ምን ብሎ ጠየቀ? ምሥጢሩን መጀመሪያ ሲሰማ ደነገጠ ወይስ ጠርጥሮት ኖሯል? መምህሩስ እንዳይከዳው በምን አመነው? በሁለቱ መካከል አንድ ውይይት እንኳ በሙሉ አልቀረበም። ሒሩትም በእኩልነት ወደ ቤቱ ከገባች በኋላ ከትረካው ትርቃለች። ባሏ የሸሸገውን ታውቅ እንደ ሆነ አንባቢ ሊያውቅ አይችልም። ስለ ሚስት እኩልነት የጻፈ ሰው ሚስቱን የምሥጢሩ ተካፋይ አድርጎ አለማሳየቱ በሐሳቡና በትረካው መካከል ያለ ስንጥቅ ነው። ምሥጢረኛነት የጸሐፊውን አንደበት ብቻ ሳይሆን ብዕሩንም እንደ ያዘው ከዚህ ይታያል።

የባለቤትነቱ ክርክር

የደራሲው ማንነት ሳይነሣ ይህ ሂስ ሙሉ አይሆንም። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ሐተታዎቹን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚል ክስ አቀረቡ። የጁስቶ የመጀመሪያ ስም ጃኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ መሆኑም ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ነበር። ኦይገን ሚትቮህ በ1934 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አቋም ደገፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር በበኩላቸው ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥራዞች ሐተታዎቹ የኢትዮጵያውያን ሥራ መሆናቸውን ተከራከሩ። ከመከራከሪያዎቻቸው አንዱ ሁለቱ ሐተታዎች በአጻጻፍ መለያየታቸው ነው። አናኢስ ቪዮን ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. የጁስቶን ደብዳቤዎች መርምረው ወደ ኮንቲ ሮሲኒ ድምዳሜ ተመለሱ። በጁስቶ በኩል ካለፉት ሁለት ቅጂዎች የሚቀድም ቅጂ በተመራማሪዎች እጅ ባለመግባቱ ክርክሩ እልባት አላገኘም።

ይህ ሂስ ክርክሩን ለመዳኘት የተነሣ አይደለም። ሊጤን የሚገባው ግን የመምህርና የደቀ መዝሙሩ ታሪክ በሁለቱም ፍርድ ሥር ትርጉሙን የማያጣ መሆኑ ነው። መጽሐፉ የዘርዓ ያዕቆብ ከሆነ፣ አንድ ሊቅ ከፍርሃት አጥር የወጣው በተማሪው እጅ ተይዞ ነው። መጽሐፉ የጁስቶ ከሆነ ደግሞ፣ ከሀገሩ ርቆ በጋይንት ደጋ የኖረ አንድ እንግዳ ሰው በስሙ ሊናገረው ያልቻለውን ነገር ለሌላ ሰው አልብሶ ጽፏል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ምትኩ የናፍቆት ልጅ ይሆናል፤ ጸሐፊው ሊኖረው የተመኘው ጠያቂ ነው። በሁለቱም መንገድ ምሥጢር የያዘ ሰው የሚጠይቀው አንድ ሰው መፈለጉ እውነት ሆኖ ይቀራል።

ከዚህም በላይ በክርክሩ ጫጫታ የተረሳ አንድ ወገን አለ። ጁስቶ መጽሐፉን ቢያገኘውም ቢጽፈውም ያን ግዕዝ ሊያነብና ሊረዳ የቻለው በኢትዮጵያ በተማረው ትምህርት ነው። በ1855 እ.ኤ.አ. በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ከሀገር ወጥቶ በ1856 እ.ኤ.አ. በካርቱም ሲሞት ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ የቋንቋ ሰው ሆኖ ነበር። ከበስተጀርባው የቆሙት የጉባኤ ቤት ሰዎች ናቸው። አውሮፓዊው ተማሪያቸው በዓለም የሊቃውንት መዝገብ ስሙ ሲሰፍር፣ ግስ ያስገሠሡትና ምሥጢር ያመለከቱት የኔታዎች ግን በክርክሩ መድረክ ስማቸው ሲጠራ አይሰማም። ከዘርዓ ያዕቆብ ይልቅ የተሰወሩት ምሥጢረኛ መምህራን እነሱ ናቸው።

ስለዚህ የሁለቱ ሐተታዎች ትምህርት በመጻሕፍት ቤት ተወስኖ የሚቀር አይደለም። ዛሬም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንደ ሌላው ክፍለ ሀገር ሁሉ ብዙ የሚያውቁና ጥቂት የሚናገሩ አረጋውያን አሉ። አንዱ የዜማ ስልት፣ ሌላው የቅኔ ታሪክ፣ ሌላው ዘመኑ ያለፈበት ሰው ሊጠይቀው ያልደፈረው ትዝታ በልቡ ይዟል። የባህል ሠራተኛው ይህን ቅርስ በመዝገብ ቆጥሮ ብቻ አያድነውም። መምህሩም ተማሪዎቹ የሰጣቸውን እንዲመልሱለት ብቻ ካስተማራቸው ምትኩን አያፈራም። ተፈላጊው ሰው በአክብሮት ቀርቦ፣ ታግሦ ቆይቶ፣ አመኔታን አግኝቶ የሚጠይቅና የሰማውን የሚጽፍ ወጣት ነው።

በእንፍራዝ የአንድ ባለጸጋ ልጅ መጻፊያ ብራናውን ወደ መምህሩ ባያቀርብ ኖሮ፣ የተከዜው ዋሻ ለሐሳቡ መወለጃም መቃብርም ሆኖ ይቀር ነበር። ለዚህ ውለታው ተማሪው ከመምህሩ እኩል ሊዘከር ይገባዋል።